ብርዱን መሸሽ ወይስ መጠቀም? ደብረ ብርሃን ላይ ኮሪዶራስ ስለ ማራባት የተነሣ ጥያቄና 26 ምላሾቹ

ጠያቂው ከደብረ ብርሃን ነው። 80 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ውስጥ ስድስት ኮሪዶራስ (ከገንዳ ሥር የሚውሉ ትንንሽ ጢማም ዓሦች) አሉት። ሦስቱ ግራጫ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ፓሌአተስ የተባለው ዝርያ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ነጫጭ፣ ቀይ ዓይን። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የለውም። ቴርሞሜትሩ ጠዋት 16፣ ከሰዓት በኋላ 21 ዲግሪ ያሳየዋል። ግራጫዎቹ መስተዋቱ ላይ ዕንቁላል መጣል ጀምረዋል፤ ዕንቁላሉ ግን በማግስቱ ይነጣና ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ያለብሰዋል። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ውሃውን 26 ዲግሪ የሚያደርስ ሂተር መግዛት ይኖርበት እንደሆነ፣ ዕንቁላሉንም እንዴት ማዳን እንደሚቻል። በዚህ ቢያቆም የውይይቱ ክር አጭር ይሆን ነበር። እሱ ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ለእነዚህ ዓሦች ስለማይሆን እዚህ ማራባት የማይታሰብ ነው ሲል ደመደመ። ክርክሩን የለኮሰው ይህ ድምዳሜ ነው።

ምላሾቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ የተባለውን አስቀምጣለሁ፤ የምስማማበትንና የማልስማማበትንም እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

ቁጥር 1 በትሕትና ጀምሮ ጠያቂውን ወንድሜ እያለ ባለ 100 ዋት ሂተር እንዲገዛና 26 ላይ እንዲያስረው መከረው። ምክንያቱ ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ዓሦቹ የሞቃት አገር ናቸው፣ ዕንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይፈለፈልም፣ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ሻጋታው ይቀድመዋል።

ቁጥር 2 ይህን ከሥሩ ነቀለው። ፓሌአተስ የአማዞን ዓሣ አይደለም። አገሩ የላ ፕላታ ተፋሰስ ነው፤ ክረምቱ በሚቀዘቅዘው በአርጀንቲና፣ በኡራጓይና በደቡብ ብራዚል በኩል። ለሳይንስ የተገለጸውም ዳርዊን በጉዞው ከሰበሰባቸው ዓሦች እ.ኤ.አ. በ1842 በተፈጥሮ ተመራማሪው በጄኒንስ ነው። የሚስማማው ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው፤ 26 ላይ ዓመቱን ሙሉ ማቆየት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ጠያቂውን ሊያሳስበው የሚገባው ጠዋትና ከሰዓት መካከል ያለው የ5 ዲግሪ መዋዠቅ ነው እንጂ ቅዝቃዜው ራሱ አይደለም። ሂተር ይግዛ፣ ግን 19 ላይ ይሰረው፤ ሥራው ሌሊት ከዚያ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ ብቻ ይሁን። ቀጥሎ ያነሣው ነጥብ ለእኔ የክሩ እንብርት ነው። ዓሦቹ ያለ ሂተር፣ በዚያው ብርድ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ዕንቁላል ጥለዋል። ስለዚህ ማራባት አይቻልም የሚለውን ድምዳሜ ዓሦቹ ራሳቸው አፍርሰውታል። ችግሩ የሚጀምረው ዕንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ነው።

ቁጥር 3 ነጮቹን አየች። ገበያ ላይ የሚገኘው ነጭ ኮሪዶራስ ብዙውን ጊዜ ኤኔየስ የተባለው ሌላ ዝርያ አልቢኖ (ቀለም አልባ) ነው፤ እሱ ደግሞ ከ22 እስከ 26 ይፈልጋል። ስለዚህ ጠያቂው አንድ ገንዳ ውስጥ ፍላጎታቸው የተለያየ ሁለት ዝርያ ነው የያዘው። አብረው ሲዋኙ ስለሚታዩ ሰው አንድ መንጋ ይመስለዋል። ከየዝርያው ቢያንስ ስድስት ሲሆኑ ነው ፍርሃታቸው የሚለቃቸው፤ ሦስት ሦስት ሆነው ግን ቀኑን ሙሉ ከእንጨትና ከድንጋይ ሥር ተደብቀው ይውላሉ።

ቁጥር 4 እዚህ ላይ ቃሉን አጠነከረ። ፎቶ ሳያዩ ዝርያ መወሰን ድፍረት ነው፤ የፓሌአተስም አልቢኖ አለ ብሎ ተቆጣ። ትክክል ነው፤ የፓሌአተስ አልቢኖ በእርግጥ አለ። ጠያቂው በቁጥር 5 ፎቶ ለጠፈ፤ በቁጥር 6 መልሱ ተገኘ። የፓሌአተስ ወንድ የጀርባ ክንፍ ረጅምና ሹል ነው፤ በፎቶው ላይ ያሉት ነጮች ሁሉ የጀርባ ክንፋቸው አጭር፣ ገላቸውም ደልደል ያለ ነው። ኤኔየስ ናቸው። ቁጥር 4ም ተቀበለ።

ቁጥር 7 የነጣውን ዕንቁላል ጉዳይ ያፍረጠረጠችው ናት። በመጀመሪያ ቀን የነጣ ዕንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ወንዴ ያላገኘ ነው። ሻጋታው የሚመጣው በሞተው ዕንቁላል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጤነኛው ጎረቤቱ የሚሻገረው። ወንዴ ያገኘው መጀመሪያ ጥርት ያለ ሆኖ ከአንድ ቀን በኋላ ወደ ሻይ ቀለም ይለወጣል፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ ውስጡ ሁለት ጥቁር ዓይኖች በግልጽ ይታያሉ። ስለዚህ ጠያቂው መጀመሪያ የሚመረምረው ወንድ መኖሩን ነው። ከላይ ወደ ታች ማየት ነው። ሴቷ ከጎን ክንፎቿ በስተኋላ ሰፋ ትላለች፤ ወንዱ ቀጭንና አነስ ያለ ነው። ከጎን ካዩ ይሳሳታሉ። ለአንድ ሴት ሁለት ወንድ ጥሩ ስሌት ነው። ወንዱ በጎኑ ጋደም ይላል፣ ሴቷ አፏን ወደ ሆዱ ታስጠጋለች፤ ሁለቱ ለጥቂት ሴኮንድ በዚያው ሁኔታ ይቆያሉ። በዚያው ጊዜ ሴቷ ከሁለት እስከ አራት ዕንቁላል በሆድ ክንፎቿ መካከል ትይዝና ሄዳ መስተዋት ወይም ቅጠል ላይ ትለጥፋለች። ሦስት ፓሌአተስ ሦስቱም ሴት ከሆኑ ይጥላሉ፣ ዕንቁላሉ ግን ሁሉም ይነጣል። የጠያቂው ነገር ይህን ይመስላል ብላ ጨረሰች፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ግምት በክሩ ውስጥ አላየሁም።

ቁጥር 8 የኦክስጅንን ነገር አመጣ፤ ለደጋ ሰው ይህ ከሂተሩ ይበልጣል። 25 ዲግሪ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ያው 25 ዲግሪ ውሃ እዚያ 6 እንኳ አይሞላም። 20 ዲግሪ ቢሆን ወደ 6.5 ይጠጋል። ስለዚህ ውሃውን 26 ማድረስ ማለት በቀነሰው ኦክስጅን ላይ ደግሞ መቀነስ ነው። ለቆላ ከተማ የተጻፈ ምክር ደጋ ላይ እንደወረደ አይሠራም፤ ስፖንጅ ፊልተሩ ሌሊትም መሥራት አለበት፣ የውሃው ገጽ መንቀሳቀስ አለበት፣ በ80 ሊትር ውስጥ ዓሣ ማጨቅም አያዋጣም።

ቁጥር 9 ኮሪዶራስ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስለሚጎርስ ኦክስጅን አያሳስበውም ሲል አቃለለው። ቁጥር 8 ተመልሶ፣ ቁጥር 10 ሆኖ፣ በቁጣ መለሰ። አየር መጉረሱ እውነት ነው፤ በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ኦክስጅን ይወስዳል። አልፎ አልፎ መውጣቱ ጤና ነው። ሁሉም በየደቂቃው እየተወረወሩ ከሆነ ግን ጭንቀት ነው። ዕንቁላልና ጫጩት ደግሞ እንዲህ አይተነፍሱም፤ የሚታፈኑት እነሱ ናቸው፣ ጠያቂው የሚያጣውም እነሱን ነው። በክዳኑና በውሃው መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ክዳን ሥር ያለው አየር ከክፍሉ አየር ስለሚሞቅ ዓሣው ቀዝቃዛ አየር አይጎርስም። ንግግሩ ሻከር ቢልም ይዘቱ ልክ ነው።

ቁጥር 11 ወደ ሥራው ገባ፤ ውሃ በመቀየር እንዴት ማነሣሣት እንደሚቻል። ቀድሞ ለሁለት ሳምንት በደንብ ይመገባሉ። ቋሚው ምግብ ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብል ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ሲሰጥ ይበልጥ ይደፍራሉ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የምድር ትል ይጨመራል። የምድር ትል በክረምት ከጓሮ ኮምፖስት እንደልብ ይገኛል፤ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ ግን አይወሰድም። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አንድ ቀን አድሮ አፈሩን ካወጣ በኋላ ታጥቦ በምላጭ እንደ ጤፍ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ሴቶቹ ሆዳቸው ሲሞላ ከ80ው ሊትር 32ቱ ወጥቶ በቀዝቃዛ ይተካል። ገንዳው 21፣ የሚጨመረው 16 ዲግሪ ከሆነ ድብልቁ 19 ላይ ያርፋል፤ የሁለት ዲግሪ ዝቅታ ነው፣ ለፓሌአተስ ይበቃዋል። ካልጣሉ በሦስተኛው ቀን ይደገማል።

ከዚህ በኋላ የሰጠው ቀመር ማንም ደጋ ላይ የሚኖር ሊይዘው የሚገባ ነው። ለመደበኛው የሳምንት ቅያሪ ክሎሪኑ እንዲወጣ በሳፋ ያደረ የቧንቧ ውሃ በደብረ ብርሃን ሌሊት 12 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ እንዳለ መጨመር መዋዠቁን ያባብሰዋል። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 90 ወይም 91 ላይ ነው። 20 ሊትር ባለ 12 ዲግሪ ውሃ ላይ 1.7 ሊትር የፈላ ውሃ ቢጨመር 18 ይደርሳል። መጀመሪያ በሳፋው ውስጥ ይቀላቀላል፣ በቴርሞሜትር ይለካል፣ ከዚያ ነው ወደ ገንዳው የሚሄደው። ሳፋው ሲያድር አየር የሚነፋ ድንጋይ ከገባበት ክሎሪኑ ይበልጥ ይወጣል።

ቁጥር 12 የሐምሌን የዝናብ ውሃ አወደሰች። ልስልስ ያለ (ማዕድኑ ያነሰ) ውሃ ኮሪዶራስን ያነሣሣል፤ ዝናብ ሲጥል መስተዋት ላይ የሚሯሯጡትም አገራቸው ላይ የዝናብ ወቅት የመራቢያቸው ጊዜ ስለሆነ ነው። ቁጥር 13 ወዲያው ተቃወመ። ቆርቆሮ ጣራ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ አሲድነት ያለው ዝናብ ዚንኩን ይዞት ይወርዳል፣ አዲስ ቆርቆሮ ደግሞ የባሰ ነው። ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። ቁጥር 14 ሁለቱን አስታረቀ። ዝናቡን ከጣራ ሳይሆን ሰማይ ሥር በተዘረጋ ንጹሕ ፕላስቲክ መቀበል፤ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት አቧራ የሚያጥበውን መድፋት፤ ከቧንቧ ውሃ ጋር ከግማሽ ሳያስበልጡ መቀላቀል። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ብቻውን ከሆነ አሲድነቱን የሚይዝለት የለም፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ሳይውል ሳያድር ይወድቃል፣ ከሱ ጋር ውሃውን የሚያጸዳው የፊልተሩ ባክቴሪያም ይደክማል። በዚህ ከቁጥር 14 ጋር ነኝ።

ቁጥር 15 የዕንቁላሉን አያያዝ ጻፈ፤ ከሁሉም ረጅሙ ይህ ነው። ዕንቁላሉ እንደተጣለ ልስልስ ስለሆነ አይነካም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቆዳው ሲጠነክር በታጠበ ጣት ከመስተዋቱ ላይ እያንከባለሉ ማንሣት፣ ካልለቀቀ ደግሞ የባንክ ካርድ ጠርዝ ከሥሩ ማስገባት ነው። በዝግታ ከተሄደ አይፈነዳም። እስከ ነገ ድረስ መተው ግን አይቻልም፤ ወላጆቹ ራሳቸው እየለቀሙ ይበሉታል። የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ተቆርጦ በዚያው ገንዳ ውሃ ይሞላል። ቀጭን ቱቦ ይገባበትና አረፋው ዕንቁላሉን ሳያጋጭ ውሃውን ብቻ ቀስ ብሎ እንዲያዞር ተደርጎ ይከፈታል። ጠርሙሱ ገንዳው ውስጥ ተንሳፎ እንዲቆም ጠርዙ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ እንዲህ ሲሆን ሙቀቱ ከገንዳው እኩል ይሆናል፣ ሌላ ሂተር አያስፈልግም። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሻጋታ የሚከላከል ማቅለሚያ ውሃው ስስ ሰማያዊ እስኪመስል ድረስ በጠብታ ይጨመራል። ጠርሙሱ ውስጥ ብቻ ነው የሚጨመረው፤ ዋናው ገንዳ ከገባ የፊልተሩን ባክቴሪያ ይጎዳል።

የነጣውን በየቀኑ በዓይን ጠብታ ማንጠብጠቢያ ማውጣት ግዴታ ነው። 19 ወይም 20 ዲግሪ ላይ በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን አካባቢ ይፈለፈላል፤ ሙቀቱ 24 ቢሆን ከሦስት እስከ አራት ቀን። ከቁጥር 1 ስጋት ውስጥ እውነት የሆነው ክፍል ይህ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ዕንቁላሉ ለሻጋታ የሚጋለጥበት ጊዜ ይረዝማል። መፍትሔው ግን ወላጆቹን ማሞቅ ሳይሆን የነጣውን ማንሣት ነው። ጠርሙሱን ብቻ ለብቻው እስከ 22 ማሞቅም ይቻላል፣ ግን ቀስ በቀስ እንጂ በድንገት አይደረግም።

ቁጥር 16 ለሻጋታው አንድ እፍኝ የገበታ ጨው ገንዳው ውስጥ መበተን ይበቃል አለ። ቁጥር 17 በነገር ወጋው፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ላይ ጨው መበተን ዕውቀት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው አለችው። ቁጥር 18 ሁለቱንም አረመ። ኮሪዶራስ ቅርፊት ባይኖረውም ራቁቱን አይደለም፤ ከራስጌው እስከ ጅራቱ በሁለቱም ጎኑ ሁለት ሁለት ረድፍ የአጥንት ጋሻ አለው። ጨው የማይሰጠው ግን የለሰለሰ ውሃ ዓሣ ስለሆነና ብዙ ጨው ስለማይችል ነው። እፍኝ ደግሞ ልክ አይደለም፤ የአንዱ እፍኝ የሌላው እጥፍ ነው። መዳብ ያለበት መድኃኒትም ኮሪዶራስ ባለበት ገንዳ አይገባም። ቁጥር 17 ስለ ጋሻው ተሳስታለች፣ መደምደሚያዋ ግን ትክክል ነው፤ ቁጥር 16 ከዚያ በኋላ ብቅ አላለም።

የጫጩቶቹን ምግብ ቁጥር 19 ያስተማረበት መንገድ ደስ ይላል። ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን የሚኖሩት በሆዳቸው አስኳል ነው፤ በዚያ ጊዜ የተሰጠ ምግብ ውሃ ማበላሻ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሻላቸው ማይክሮዎርም የተባለው ደቃቅ ትል ነው። ለሱ ደግሞ ሰሜን ሸዋ የሚጎድለው ነገር የለም። ጨው የሌለው፣ ቅቤ ያልነካው የገብስ ገንፎ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ሰፊ ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይደለደላል፤ የዳቦ እርሾ በጣት ቆንጠር ተደርጎ ላዩ ላይ ይነሰነስና አንድ ማንኪያ ከሚያውቁት ሰው የተገኘ የትል ዘር ይደረግበታል። ክዳኑ በመርፌ ይበሳል። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ከሳምንት በኋላ ትሎቹ የዕቃውን ግድግዳ እየወጡ ይታያሉ፤ በጣት ወይም በጥጥ ቡቃያ ተጠርገው ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ገንፎው ሲቀጥንና ሽታው ሲለወጥ ወደ አዲስ ዕቃ ይዛወራል። ሁልጊዜ ሁለት ዕቃ መያዝ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ጫጩቶቹ በረሃብ አያልቁም።

የአርቴሚያ (ለጫጩት ምግብ የሚሆን የጨው ውሃ ደቃቅ ፍጥረት) ዕንቁላል ያገኘ ሰው በአንድ ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው አድርጎ፣ በአየር እያናፈሰ፣ 26 ዲግሪ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፍለዋል። በደብረ ብርሃን ክፍል ሙቀት ግን ይዘገያል፣ ብዙውም ሳይወጣ ይቀራል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ሂተር ያለበት ባልዲ ውስጥ ይቁም። የተፈለፈሉት ትንንሾች ለጫጩቶቹ ከመሰጠታቸው በፊት በቀጭን ጨርቅ ተጠልለው በንጹሕ ውሃ ይታጠባሉ፤ ጨው ይዘው እንዳይገቡ።

የጫጩት ዕቃ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ከሥሩ ከዋናው ገንዳ የተወሰደ አሸዋ ስስ ሆኖ ይነጠፍበታል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይመገባሉ፤ ማታ የተረፈው በአየር ቱቦ ተመጥጦ ይወጣል፤ ከውሃው አንድ አምስተኛው በየቀኑ ሙቀቱ እኩል በሆነ ውሃ ይተካል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያልቁት በረሃብ ይመስላል፤ ገዳዩ ግን ብዙውን ጊዜ ከሥር የበሰበሰ ምግብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቃል አልጨምርም።

ክሩ ከዚህ በኋላ ወደ ሌላ ሌላ ነገር ተንሸራተተ። ቁጥር 20 ከመሐል ሜዳ ነው፤ መንዝ ከደብረ ብርሃንም ይበርዳል። ገንዳው በውጭ ግድግዳ በኩል አይቀመጥ፤ ከሥሩ፣ ከኋላውና ከጎኖቹ 2 ሴንቲ ሜትር ፎም ይለጠፍ፤ ላዩ የመስተዋት ክዳን ይኑረው አለ። ክፍሉ 12 ዲግሪ ሲሆን 80 ሊትርን 20 ላይ ለመያዝ 100 ዋት ይበቃል፤ ከአንድ ባለ 100 ይልቅ ሁለት ባለ 50 ይሻላል። አንዱ ተጣብቆ አልጠፋ ቢል ብቻውን ገንዳውን አያፈላም፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይይዛል። ቀጥሎ ማንም ያላሰበውን ነገር ተናገረ። ኤር ፓምፕ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው። ኩበት የሚነድበት፣ ከሰል የሚቀጣጠልበት፣ ቡና ተፈልቶ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ ፓምፑ ጭሱን እየሳበ ውሃው ውስጥ ይነፋዋል። የነፍሳት መርጫ ከተረጨማ ዓሦቹን በአንድ ሌሊት ሊጨርሳቸው ይችላል። ፓምፑ ሌላ ክፍል ተቀምጦ ቱቦው ብቻ ይምጣ። ቡና ሲፈላ ደግሞ ለዚያች ሰዓት ይጥፋ፤ አንድ ሰዓት ቢጠፋ ምንም አይሆኑም።

ስለ መብራት መጥፋት ቁጥር 21 የጻፈችው አጭር ነው። በፓወር ባንክ የሚሠራ ኤር ፓምፕ መያዝ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ መብራቱ እስኪመጣ አለመመገብ። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ ገንዳው ውስጥ መንከርንም መከረች። ቁጥር 22 በዚህ ላይ አረማት፤ የፈላ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ያፈሳል። ውሃው 70 ዲግሪ እስኪሆን ይቆይ ወይም ወፍራም ጀሪካን ይሁን። ሁለት ሊትር ባለ 70 ዲግሪ ውሃ 80 ሊትር ባለ 18 ዲግሪ ገንዳን ከፍ የሚያደርገው ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ያልፍ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ ገንዳው በፎም ካልተሸፈነ ሌሊቱን ሙሉ ጠርሙስ መቀያየር ነው። ስሌቱ ልክ ነው። ፎሙ ይቅደም።

ቁጥር 23 ከሸዋ ሮቢት መጥታ ነገሩን ገለበጠችው። እዚያ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ውሃው ያለ ሂተር 27 ይደርሳል፤ ፓሌአተስ አይሆንም። ለዚያ አየር ስተርባይ የተባለው ኮሪዶራስ ይሻላል፤ ከ24 እስከ 28 ይስማማዋል። ሰሜን ሸዋ አንድ አየር ያለው አገር ስላልሆነ ዝርያው እንደ ቀበሌው ይመረጥ ማለቷ ነው። ከዚያ ስለ ማጓጓዝ አነሣች። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው በጣርማ በር በኩል ከ3000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ተነፍቶ የታሰረ ፌስታል መንገድ ላይ ይወጠራል፤ ስለዚህ አንድ ሦስተኛ ውሃ አድርጎ አየሩን ላላ ማለት ነው። ኮሪዶራስ ሲደነግጥ የጀርባና የጎን እሾሁን አቁሞ ይቆልፈዋል፤ ፌስታል ይበሳል። በዚያ ላይ ሲጨነቅ የሚያወጣው መርዝ በጠበበ ውሃ ውስጥ ራሱንም ይገድለዋል። ክዳን ያለው ባልዲ ይሻላል፤ አንድ ቀን ቀድሞ ምግብ ይቁም፤ በመረብ ሳይሆን በጆግ ይቀዳ። እሾሁ ጣት የወጋው ሰው እጁን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ቢነክር ሕመሙ ይበርዳል።

ቁጥር 24 ከርዕሱ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት ኮሪዶራስ የሚባለው ወገን ለበርካታ ወገኖች ስለተከፈለ ፓሌአተስ አሁን ሆፕሊሶማ፣ ኤኔየስ ኦስቴዮጋስተር እንደሚባሉና ሁሉም ሰው ስሙን ሊያርም እንደሚገባ አሳሰበ። ልክ ነው፤ የሁለቱን ፍላጎት የመለያየት ነገር ያጠናክራል፣ ከዚያ ያለፈ ግን ለጠያቂው ገንዳ የሚለውጠው የለም።

ቁጥር 25 የበዛውን ጫጩት በሬሳ ወንዝ መልቀቅ ይቻል እንደሆነ፣ ከዚያም አምባዛ አብሮ መያዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። የመጨረሻው፣ ቁጥር 26፣ ቀልድ በሌለው ድምፅ መለሰ። አምባዛ አፉ የቻለውን ሁሉ የሚውጥ፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ ዓሣ ነው፤ ከ6 ሴንቲ ሜትር ኮሪዶራስ ጋር አይታሰብም። ወንዝ መልቀቅ ደግሞ ፈጽሞ። በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። ፓሌአተስ ብርድ የሚችል ስለሆነ ሊተርፍ ይችላል፤ ገንዳ ውስጥ ያደረ በሽታም አብሮት ይሄዳል። የበዛውን ለሌላ አርቢ መስጠት ነው። ይህን ምላሽ እያንዳንዱ አርቢ ቢያነበው እወዳለሁ።

በዚሁ ምላሽ ውስጥ የአሸዋው ጉዳይም አለ፤ ጠያቂው በፎቶው ያሳየው ገንዳ ከሥሩ ጥቁር ስለታም ጠጠር ነበረው። ኮሪዶራስ አሸዋውን በአፉ ጎርሶ በስንጥቡ ያወጣል፤ በስለታም ጠጠርና ከሥሩ በተከማቸ ቆሻሻ ጢሙ ያልቃል፣ ጢሙ ያለቀ ዓሣ ምግቡን አያገኝም። የድንጋይ መፍጫ ብናኝ አይሆንም። ክብ ክብ የሆነ የወንዝ አሸዋ በወንፊት ይነፋና ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። ከጀማ ሸለቆ የመጣ ከሆነ እዚያ የኖራ ድንጋይ ስላለ አንድ ማንኪያው ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ ማየት ነው፤ ከተንጨረጨረ ውሃውን ያጠነክራል፣ ይቅር። 80 በ35 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወለል 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማንጠፍ 7 ሊትር፣ ማለት 10 ኪሎ ተኩል ገደማ አሸዋ ይበቃል። አሸዋው ሲቀየር ፊልተሩ አይታጠብም፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ያጸዳ ሰው ባክቴሪያውን ጠርጎ ይጥልና አሞኒያ ይነሣበታል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ባክቴሪያው ተመልሶ እስኪበዛ ከወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ነጮቹ ሦስቱ ወደ ሌላ ገንዳ ሲዛወሩም አሮጌው ስፖንጅ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ አብሯቸው ይሂድ።